የቀድሞ ተማሪ በትምህርት ቤቱ የስፖርት ባንድ ውስጥ ስላለው ስፍራ

ትምህርቱን ፈጽሞ ከትምህርት ቤቱ ደጅ የወጣ ሰው፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ግጥሚያ በሚያደርጉበት ሜዳ ዳር ከወጣቶቹ ሙዚቀኞች መካከል ተቀምጦ ጥሩምባ ሊነፋ ወይም ከበሮ ሊመታ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለጋዜጣ ዓምድ የማይበቃ ኢምንት ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት የማን እንደ ሆነ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ጥበብ በማን እጅ እንደሚጠበቅ፣ ታላቁም ለታናሹ ስፍራ የሚለቅበት ጊዜ መቼ እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው፣ ይህ ሁሉ በዚህ ታናሽ ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ያገኘዋል። እኔም በዚህ በጅቡቲ ከተማ፣ በዋራበሌ፣ ከወገኖቼ መካከል ሆኜ ነገሩን ሳሰላስለው መልሱ «ይገባዋል» የሚል ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ፈቃዱ ያለ ሥርዓት የተለቀቀ እንዳይሆን የሚያስፈልጉ ግዴታዎች አሉና እነርሱንም ጭምር መናገር ግድ ይሆንብኛል።

ጥያቄው በይበልጥ የሚነሣው በአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ ነው። በዚያ አገር በሰልፍ ከሚሄደው ከትልቁ የማርሽ ባንድ ሌላ፣ በቅርጫት ኳስ አዳራሽና በበረዶ ላይ በሚደረገው የሆኪ ጨዋታ በአንድ ጥግ ተሰብስቦ የሚቀመጥ አነስተኛ ባንድ አለ፤ ሥራውም ጨዋታው ለዕረፍት በቆመ ቁጥር ፈጥኖ አንድ አጭር ዜማ በማሰማት የተመልካቹን መንፈስ ማነቃቃት፣ የድካም ሰዓት ሲመጣም ተጫዋቾቹን ማበርታት ነው። የተመረቁ ሰዎች በዚህ ባንድ ውስጥ ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ የሚለው እንደየኮሌጁ ልማድ ይለያያል፤ በብዙዎቹ ዘንድ ግን የቀድሞ ተማሪዎች በመጸው ወራት በሚከበረው የመሰባሰቢያ በዓል መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ለአንድ ቀን ከተማሪዎቹ ጋር እንዲጫወቱ መፍቀድ የቆየ ወግ ሆኗል። የአገሪቱ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ደግሞ በቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ወደ አዳራሹ የሚገባው ባንድ ከ29 ሙዚቀኞች እንዳይበልጥ የወሰነ ስለ ሆነ፣ በእንዲህ ያለው ቀን አንድ ምሩቅ በተቀመጠበት ወንበር ምክንያት አንድ ተማሪ ከቤቱ ሊቀር ይችላልና ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም።

በዚሁ ሻምፒዮና ላይ መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ግን ለዚህ ክርክር እንደ ምስክር አድርጌ እጠራዋለሁ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዋሽንግተን ግዛት በስፖኬን ከተማ ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተጋጠመ ጊዜ የራሱ ባንድ ከአገሪቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥቶ ወደዚያ ሊጓዝ ስላልቻለ፣ ለስፖኬን ቅርብ የሆነው የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ባንድ የዬልን ልብስ ለብሶ፣ የዜማ ደራሲው ኮል ፖርተር የዬል ተማሪ ሳለ የደረሰውን የዬልን የግጥሚያ መዝሙር አጥንቶ፣ በዬል ስም ነፋ፤ ዬልም 78 ለ76 አሸነፈ። እንግዲህ በጥቂት ቀን ጥናት የሌላውን ትምህርት ቤት መዝሙር የተማረ ባዕድ ተማሪ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ከቻለ፣ ያንኑ መዝሙር የተማሪነት ዘመኑን በሙሉ ሲነፋው የኖረ የገዛ ቤቱ ልጅ እንዴት እንደ እንግዳ ይቆጠራል? ነገር ግን ከዚህ ታሪክ ሌላ ቁም ነገር ደግሞ አለ፤ ለአይዳሆ ልጆች በዚያ ስፍራ የመቀመጥ መብት የሰጣቸው የተዋሱት ልብስ አልነበረም፤ መዝሙሩን ለማጥናት የደከሙት ድካም ነበር። በዚህ በሁለተኛው ነገር ላይ የኔ አሳብ በሙሉ ይቆማል።

ነገሩን ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመልሰው፣ ነሐሳዊ የሙዚቃ መሣሪያ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደበት መንገድ በዚህችው በጅቡቲ ከተማ በኩል ያለፈ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ፣ ከአርመን ሕዝብ እልቂት ተርፈው በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲያሰሙ አይተው ልባቸው ስለ ተነካ፣ ከፓትርያርኩ ፈቃድ ጠይቀው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው፤ ልጆቹም ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በጅቡቲ ወደብ በኩል አድርገው፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው የምድር ባቡር ተጕዘው፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. መናገሻይቱ ከተማ ገቡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የተጠሩት እነዚህ ወጣቶች የመንግሥቱ የመጀመሪያ ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ቃሉን የደረሱለት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙርም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ተሰማ።

ይህን ታሪክ ሁሉም ያወሳዋል፤ እኔ የማነሣው ግን ብዙ ሰው ስለማያተኩርበት ስለ ፍጻሜው ነው። የአርባ ልጆች የሥራ ውል ባለቀ ጊዜ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ የመሣሪያው ትምህርት ግን ባለመቋረጡ፣ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በተራው መጥቶ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን ሲያሠለጥን በመኖሩ፣ በኋላ ዘመን የክብር ዘበኛውም የፖሊስ ሠራዊቱም የማዘጋጃ ቤቱም የሙዚቃ ክፍሎች ቀድሞ ከተማሩት እየተቀበሉ ቀጠሉ። ያወቀው ሰው ያላወቀውን ሰው ከጎኑ አስቀምጦ ከንፈሩን በአፍ መያዣው ላይ እንዴት እንደሚያኖር፣ ትንፋሹንም እንዴት እንደሚቆጥብ ባያሳየው ኖሮ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው መሣሪያ ሁሉ በግምጃ ቤት ዝጎ በቀረ ነበር። የሙዚቃ መጽሐፍ ኖታውን ያስተምራል እንጂ ትንፋሽን አያስተምርም።

የኛን ስፖርት ወዳድ ሕዝብ ልማድ ብንመለከትም የሚደግፈኝ ምስክር አገኛለሁ። በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና በኢትዮጵያ ቡና መካከል ግጥሚያ በሚሆንበት ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም የተገኘ ሰው፣ አስጨፋሪው ከፊት ቆሞ አንዱን ሐረግ ሲያወጣ ሕዝቡ በተሰጥዎ ሲቀበለው፣ ከበሮውም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አይቷል፤ በዚያ መካከል ጎረምሳውንና ሽማግሌውን የሚለይ አጥር የለም፣ ይልቁንም የድሮውን ዜማ ለልጆቹ የሚያስታውሰው ጠጕሩ የሸበተው ደጋፊ ነው። በእርግጥ ክለብና ትምህርት ቤት አንድ አይደሉም፤ ክለብን የሚደግፍ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ደጋፊ ነው፣ ተማሪነት ግን የሚፈጸምበት ቀን አለው። ስለዚህ ከስታዲየሙ ይልቅ የበለጠ ጥብቅ ሥርዓት ወዳለበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ልሻገር።

በማኅሌት ሌሊት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲቆሙ፣ ከመሪጌታው አንሥቶ ትናንት ከአብነት ትምህርት ቤት እስከ መጣው ደቀ መዝሙር ድረስ ሁሉም በአንድ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ነው። ድጓውን በጋይንት ቤተ ልሔም አስመስክሮ፣ አቋቋሙን በጎንደር በአታ ተምሮ የተመረቀ ሊቅ «እኔ ትምህርቴን ፈጽሜአለሁና ከእንግዲህ አልቆምም» ቢል ነውር ይሆንበታል፤ መማሩ ራሱ እንዲቆምና እንዲያቆም ነበርና። ነገር ግን አባቶቻችን ይህን በር ሲከፍቱ ዝም ብለው አልከፈቱትም፤ ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደሚቀበል፣ ከበሮው በማን እጅ እንደሚሆን፣ ከአንዱ የአቋቋም ስልት ወደ ሌላው የሚሸጋገሩት በማን ምልክት እንደ ሆነ ሁሉ ተወስኗል፤ ያላጠናም ሰው ምንም ያህል በዕድሜ ቢገፋ ዝም ብሎ ይቆማል እንጂ ድምፁን አያወጣም። እንግዲህ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ያደረሰልን ይህ የምሩቅና የተማሪ አብሮ መቆም ከሆነ፣ ለልጆቻችን የስፖርት ባንድ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ከየት ልናመጣለት እንችላለን? መንፈሳዊውን ከዓለማዊው ጋር አደባለቀ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ የዜማውን ቅድስና ሳይሆን የአሠራሩን ጥበብ ብቻ እንደ ተዋስሁ ይወቅልኝ።

አሁን ወደዚህች ከተማ ነገር ልምጣ። ጅቡቲ ስፖርትን የምትወድ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ በማራቶን የነሐስ ሜዳይ ያገኘው አሕመድ ሳላሕ ስሙ እስከ ዛሬ በልጆች አፍ ይጠራል። በመካከሏ የሚኖረው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብም ልጆቹን በአገሩ ሥርዓት የሚያስተምርበት የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት አለው፤ ልጆቹም ኳስ ይጫወታሉ፣ ይሮጣሉ፣ ወላጆችም ለማየት ይመጣሉ። እንዲህ ባለ ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ የስፖርት ባንድ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው የሚገጥመው የመጀመሪያው ችግር የገንዘብ ሳይሆን የዘመን ነው። አንድ ልጅ ትሮምቦን ተምሮ አንድ ዜማ በንጹሕ ድምፅ ለማውጣት ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ልክ እዚያ በደረሰ ጊዜ አሥራ ሁለተኛውን ክፍል ፈጽሞ ከነጋድ ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳል፣ ወይም በወደቡና በትራንዚት ቤቶች ሥራ ይይዛል። በአዲስ አበባ ባሉት በብዙ ሺህ ተማሪ በሚሞሉ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል፤ በዚህ ግን አንዱ ሲሄድ ትሮምቦኑ ራሱ ዝም ይላል። የቀድሞ ተማሪን በር ዘግቶ የሚከለክል ደንብ በትልቅ ኮሌጅ ውስጥ ቢያስኬድ ያስኬድ ይሆናል፤ በስደት ባለ ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን በየሦስት ዓመቱ ሥራውን ከመጀመሪያው ከመጀመር ሌላ ፍሬ የለውም።

ሁለተኛውም ችግር የአየሩ ጠባይ ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው የቆየ ሙዚቀኛ ብቻ ነው። ከምሲን የሚባለው ነፋስ በሚነፍስበት በሐሩሩ ወራት፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ በሚሄድበት ጊዜ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፅ በፍጥነት ስለሚጓዝ ጥሩምባውም ክላርኔቱም ከቅኝቱ በላይ ይወጣል፤ ያላወቀ ልጅ ጆሮው የከዳው መስሎት ይጨነቃል፣ ያወቀው ግን የማስተካከያውን ቱቦ ጥቂት ወደ ውጭ ስቦ ቅኝቱን ይመልሰዋል። ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ እርጥበትም ነሐሱን ያበላሻል፣ የሚጫኑትን ቁልፎች ያጣብቃል፤ ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ ከትንፋሽ የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ፣ የነሐሱን መሣሪያ ውስጥ በየጊዜው በለብታ ውኃ ማጠብ፣ ቁልፎቹን በዘይት ማለስለስ፣ መሣሪያውንም በፀሐይ ውስጥ በቆመ መኪና ያለመተው ልማድ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በንግግር ከመንገር ይልቅ፣ ከጎኑ ተቀምጦ ሲያደርገው የሚያይለት አንድ የቀድሞ ተማሪ ቢኖር የተሻለ ነው።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡትን ቃል ደግሞ በሚገባው ክብር መስማት ይገባናል። የመጀመሪያው፣ ዕድሜው ያለፈ ሯጭ ወይም እግር ኳስ ተጫዋች ለትምህርት ቤቱ መሰለፍ ካልተፈቀደለት ሙዚቀኛው ስለ ምን ይፈቀድለታል የሚለው ነው፤ መልሱም አስቸጋሪ አይደለም። በተማሪዎች ውድድር ውስጥ ጐልማሳ ቢሰለፍ ውጤቱን ያጣምማል፣ የተቃራኒውን ወገን ልጆች ይበድላል፤ ጥሩምባ ግን ጎል አያስቆጥርም፣ የማንንም ድል አይነጥቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን እውነት ያለበት ነው፤ ይኸውም ምሩቁ በያዘው ስፍራ አንድ ተማሪ የመማር ዕድሉን ያጣል የሚል ነው። ነገሩ ከወንበር ቁጥርም የጠለቀ ነው። ብርቱ ጐልማሳ ከጎኑ ሲቀመጥ ታናሹ ልጅ ከባዱን የዜማ ክፍል ለእርሱ ትቶ በጥላው ሥር መደበቅን ይለምዳል፤ ባንዱ ከውጭ ለሚሰማው ሰው ያማረ ይመስላል፣ ልጁ ግን አንድ ነገር ሳይማር ዓመቱ ያልፋል። የትምህርት ቤት ባንድ ደግሞ በመጀመሪያ የተቋቋመው የተመልካቹን ጆሮ ለማስደሰት ሳይሆን ልጁን ለማሳደግ ነው፤ የተሳሳተ ዜማ የነፋ ልጅ በትክክል ከነፋለት ጐልማሳ ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ዓላማ ይቀርባል። ስለዚህ ወንበር በተወሰነበት ቀን ምሩቁ ተነሥቶ መቆም አለበት፤ ዋናውን ዜማ የሚያወጣው ሁልጊዜ ተማሪ መሆን አለበት፤ ምሩቁም ሁለተኛውን ድምፅ፣ ወይም እንደ ቱባ ያለውን ልጅ ገና ሊሸከመው የማይችለውን መሣሪያ ይያዝ።

ሦስተኛው፣ እኔንም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ የታላቅነት ነገር ነው። በኛ አገር ታናሽ ታላቁን ማክበር ከእናት ጡት ጋር የምንጠባው ሥርዓት ነው፤ መልካምም ሥርዓት ነው። ነገር ግን አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት የባንዱ መሪ ልጅ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን፣ ምናልባትም የአባቷን ጓደኛ የሆነውን ሰው «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ» ልትለው ትችላለችን? ልትለው ካልቻለች የባንዱ መሪ በስም እርሷ፣ በግብር ግን እርሱ ሆነ ማለት ነው፤ «በኛ ጊዜ እንዲህ ነበር» የሚለው ቃልም በልምምዱ ስፍራ መሰማት ከጀመረ፣ የዛሬዎቹ ልጆች የሚወዱት አዲስ ዜማ ከዚያ በኋላ ስፍራ አያገኝም። ይህን ለማረም ታናሹን ድፍረት ከማስተማር በፊት ታላቁን መታዘዝ ማስተማር ያስፈልጋል፤ ወደ ባንዱ የሚመለስ ሰው በውጭ ያለውን መዓርግ፣ ኢንጂነርም ቢሆን የወደብ ሥራ አስኪያጅም ቢሆን፣ በደጅ ትቶ መግባት አለበት፣ ተማሪዋም ስትመራው በሰልፍ ላይ እንዳለ ሰው ያለ ክርክር ይታዘዝ። ይህን የማይችል ሰው በተመልካች ወንበር ተቀምጦ ቢያጨበጭብ ይሻለዋል።

ከዚህ ጋር ልጆች ባሉበት ስፍራ አዋቂ ሰው ሲገባ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሊዘነጋ አይገባም፤ ልምምዱ ሁሉ ኃላፊ መምህር ባለበት ይሁን፣ የሚመጡትም ሰዎች ስማቸው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ። ይህ የማንንም ሰው ክብር የሚነካ አይደለም፤ የታመነ ሰው ሁሉ በደስታ የሚቀበለው ነው።

እንግዲህ የኔ አሳብ ይህ ነው፤ ማን ይጫወት የሚለውን የሚወስነው የተማሪነት መታወቂያ ሳይሆን የልምምድ መዝገብ ይሁን። በዚህች ከተማ ሥራ ይዘው የቀሩት የቀድሞ ተማሪዎች ከልጆቹ ጋር በየሳምንቱ እየተገኙ ቢያጠኑ፣ በግጥሚያው ቀን አብረዋቸው ሊቀመጡ መብት አላቸው፤ ሳያጠኑ በግጥሚያው ዕለት ብቻ መሣሪያ ይዘው የሚመጡ ግን፣ ፍቅራቸው ምንም ያህል ቢበዛ፣ ይቆዩ። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለዕረፍት ለሚመለሱት ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ለብቻቸው ይወሰንላቸው፤ በዚያ ቀን አንድ የቆየ ዜማ እነርሱ፣ አንድ አዲስ ዜማ ልጆቹ መርጠው በሁለቱም ላይ አብረው ይጫወቱ፤ ከዚያም በኋላ እያንዳንዱ ተመላሽ ለአንድ ታናሽ የሚያውቀውን አንድ ነገር አስተምሮ ይሂድ።

የወላጆች ኮሚቴና የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይህን ጉዳይ የሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ከመከፈቱ በፊት ቢነጋገሩበት እወዳለሁ። ለመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጥሩምባ፣ አንድ ትሮምቦን፣ ሁለት ክላርኔትና አንድ ትልቅ ከበሮ ይበቃሉ፤ አዲስ ለመግዛት አቅም ባይኖር እንኳ፣ ቀድሞ በትምህርት ቤት ወይም በሠራዊት የሙዚቃ ክፍል የተማሩ፣ መሣሪያቸውም በቤታቸው የተቀመጠ ሰዎች በመካከላችን አሉ። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ፤ አስተዳደሩም ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የሚሆን አንድ የልምምድ ክፍል፣ ማራገቢያም ያለው፣ በሳምንት ለሁለት ምሽት ይፍቀድላቸው።